ከሞያሌ ማዶ ስለተገዛው ፎቅና ወናጎ ስለቀረው ድንኳናችን

ሚያዝያ 1979 ዓ.ም.
ዲላ

ለተከበሩት የእድራችን ዳኛ ለጋሽ ገሪማ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የወገብዎን ሕመም፣ እንዲሁም ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሲነሳ ብቻ የሚቀሰቀስብዎትን ሳል በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ የልብስ ሰፊው የአቶ ረሻድ የልጅ ልጅ ጀሚሊያ ነኝ። የእድሩ ስብሰባ የሚደረገው በእኛ ግቢ ስለሆነ፣ መጋረጃችንም ስስ ስለሆነ፣ ወደድኩም ጠላሁም የእናንተን የትልልቆቹን ጥበብ አንድም ሳይቀር ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ትምህርት አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬ አላገኘሁትምና ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ደብዳቤ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቁልፉ ቢያንስ የሚጠብቀው ወረቀት ያግኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፦ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። ከአንድ ቤት በላይ መያዝ ከተከለከለ ወዲህ ሌላው ሰው ያለችውን አንድ ጣሪያ ሲደፍን፣ እርስዎና ኮሚቴዎ ግን ከሞያሌ የመጣ አንድ ደላላ አምናችሁ፣ ድንበር ተሻግሮ ባለ አገር ለእድራችን ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ልትገዙ ቆረጣችሁ። የአገሩን ስም አልጽፍም፤ የቀበሌያችን ጥበቃ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ እየተማረ ነውና በእርስዎ ክስ እንዲለማመድ አልፈልግም። «እኛ እዚህ ቁጭ፣ ኪራዩ ከዚያ ከች!» ሲሉ ሽማግሌው ሁሉ ጢሙን ዳበሰ። መዋጮው አልበቃ ሲል ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ትልልቆቹን ድስቶች ወናጎ ላለ ነጋዴ ሸጣችሁ። «ሰው እስኪሞት ኪራዩ ይደርሳል፤ ያኔ አዲስ እንገዛለን» አሉ። ሞትን በዕቅድ ያስገባ የመጀመሪያው ዳኛ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሁለተኛ፦ ሕንጻውን አይተው እንዲመጡ ምክትልዎን ጋሽ ባህሩዲንን ስለላካችሁ ጥንቃቄያችሁን አደንቃለሁ። ጋሽ ባህሩዲን በጭነት መኪና ሞያሌ ደረሱ፤ ኬላው አላሳለፋቸውም። ስለዚህ ከኬላው ወዲህ ቆመው፣ ደላላው በጣቱ ወዳመለከታቸው አቅጣጫ ሲያዩ ውለው ተመለሱ። የጂኦግራፊ መምህራችን እንደሚሉት ሕንጻው አለበት የተባለው ከተማ ከዚያ በመኪና እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ያስኬዳል፤ እሳቸው ግን ስብሰባ ላይ ተነስተው «በዓይኔ በብሌኑ አይቼዋለሁ፣ መስኮቱ ሁሉ መስታወት ነው!» ብለው መሰከሩ። ቆጮ ሻጯ እማማ ሀዲጃ «እሰይ ጋሼ፣ በሩስ ወዴት ይዞራል?» ቢሏቸው «ወደ መንገዱ» አሉ። «መንገዱስ ወዴት ይሄዳል?» «ወደ በሩ ነዋ!» ይህን የሰማ ሁሉ መጠየቅ ሲገባው፣ እርስዎ በሳልዎ መካከል «አንቺ ሴትዮ ቁጭ በይ! የፎቅ ነገር የጓዳ ነገር መሰለሽ?» ብለው ገላገሉን። ድንኳኑ የተሸጠው በዚያው ሳምንት ነው።

ሦስተኛ፦ ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር ስላደረጋችሁት ክርክር እጅ እነሳለሁ። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ በአንድ ወጥ ቤት አይሠራምና፣ ከላይኛው ፎቅ የማን ወጥ ቤት ይሁን፣ ከታችኛው የማን፣ የታችኛው ጭስ ወደ ላይኛው ቢወጣስ እያላችሁ ልትደባደቡ ደረሳችሁ። ሃያ ዓመት በአንድ ድንኳን ስር በሁለት ድስት በሰላም የበሉ ሰዎች ባላዩት ቤት ጭስ ተኳረፉ። ጭሱ እንዲህ ሲያነታርካችሁ ደላላው ገንዘቡን ይዞ ጠፋ። ሞያሌ ላይ ቢጠየቅ የሚያውቀው የለም።

አራተኛውን በምስጋና ለመጻፍ ብዙ ታገልኩ። አልሆነልኝም።

የእድራችን አባል እማማ እታገኝ ሲሞቱ ዝናቡ የዲላ ዝናብ ነበር። ለቀስተኛው ደጅ ላይ ቆመ። የእድር አባል ያልሆኑት የጌዴኦ ጎረቤቶቻችን ከጓሯቸው የእንሰት ቅጠል ቆርጠው፣ የቡና ጆንያ ደርበው ለሟች ልጆች መጠለያ ቀለሱ። ማንም አላዘዛቸውም። እርስዎ ግን ጃንጥላዎን ዘርግተው ከስሩ ሆነው ስም ጠሩ፤ በዝናብ ሸሽተው የሄዱትን ለቅሶ አቋርጠዋል ብለው ቀጡ! ድንኳን የሸጠ ሰው ዝናብ የሸሸውን ሲቀጣ ሳይ፣ ትልቅ ሰው የሚባለው ነገር ከውስጤ ወልቆ ወደቀ። በዚያው ሳምንት ወናጎ አክስቴ ጋ ስሄድ ድንኳናችንን አገኘሁት፤ የእድራችን ስም በጎኑ ላይ እንዳለ፣ ስሩ ሰርግ ይጨፈር ነበር።

ከዚህ በታች ቁጥር አልሰጥም።

ያንን ድንኳን ከሸራ ከሰፉት አንዱ አያቴ ናቸው። የጣሪያውን ስፌት ውኃ እንዳያስገባ ሁለቴ የደገሙት እሳቸው ናቸው። አሁን ከተኙ ቆይተዋል፤ ሐኪሙም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ዓይናቸውን ገልጠው «ልጄ፣ ድንኳኑ ተመለሰ ወይ?» ይሉኛል። እኔም «ተመልሷል አባባ፣ ዕቃ ቤት ታጥፎ ተቀምጧል» እላለሁ። እናንተ ላጠፋችሁት ውሸቱን እኔ በሕመምተኛ ጆሮ አፈሳለሁ። የሚያስጠላኝ ፎቁ አይደለም፣ ጋሽ ገሪማ። ሰው የራሱን ድንኳን ሰፍቶ ከዝናብ ስር እንዲለቀስለት ማድረጋችሁ፣ ከዚያም በጎዳና ስንገናኝ «አያትሽ እንዴት ናቸው?» ማለታችሁ ነው።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ ወናጎ ይሂዱ፣ ያንን ነጋዴ ይለምኑ፣ የራስዎን ነገር ይሽጡ፣ ድንኳኑን ይመልሱ። አያቴ ሳይሞቱ።

ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ፣ ሻሼን አስተካክዬ፣ አንገቴን እስከ መሬት ደፍቼ፣ በማይታይ ሕንጻ ጥላ ስር ላስቀመጡን ታላቅ ዳኛችን ረጅም ዕድሜና የማያፍር ፊት የምመኝልዎ፣

ጀሚሊያ ነዚፍ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ውሸቱ ከበደኝና ለአያቴ እውነቱን ነገርኳቸው። ከዚያ «የገሪማ ሳሎን ሰፊ ነው፤ ለቅሶዬ እዚያ ይሁን» ብለው በእማማ ሀዲጃና በጎረቤት ሴቶች ፊት ተናዘዙ። ሴቶቹም ተስማምተዋል፤ ማንንም አላስፈቀድንም። እባክዎን ምንጣፉን ከአሁኑ ያንሱት፤ ሁላችንም ከነጭቃችን ነው የምንገባው።