ዝም ያሰኘኋት ልጅ

መስከረም 14

ቁልፍ ተሰጠኝ። የራሴ ክፍል! የትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር ያለችው፣ እስከ ዓምና የኳስና የመረብ ማስቀመጫ የነበረችው ጠባብ ክፍል። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ የኳሱ ሽታ ግን አልወጣም። ሁለት ትንንሽ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ። ልጆቹ አፋቸውን እያዩ እንዲለማመዱ መስታወት ጠይቄ ነበር። የጥገና ሠራተኛው በኔ ቁመት ሰቀለው። "ለልጆቹ እኮ ነው" ስለው፣ "ያድጋሉ" አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። ነገ ዝቅ ያደርገዋል… ይመስለኛል።

በሩ ላይ "የንግግር ሕክምና" የሚል ተለጥፏል። ጥበቃው ቆሞ አነበበውና፣ "ንግግርም ይታመማል እንዴ?" አለኝ። ላስረዳው ስጀምር በር ተንኳኳና ሄደ።

ቤት ስገባ እማዬ፦ "ምን ሠራሽ ዛሬ?"

"ወንበር ወለወልኩ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ?"

መስከረም 18

እዚህ ደብተር ላይ የልጅ ስም አልጽፍም። የሙያው ደንብ ነው። ደንብ ባይሆንስ? ደብተር ይጠፋል፣ ሰው ያነባል። ቅጽል ስም ማውጣት ግን ማን ይከለክለኛል?

ዛሬ የሦስተኛ ክፍሉ አስተማሪ አንዲት ልጅ ይዘውልኝ መጡ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው ሰው ናቸው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ትንተባተባለች። "ስታነብ አንጀቴን ትበላዋለች። ተራዋ ሲደርስ እዘላታለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። ሹክሹክታቸው እስከ ደረጃው ጫፍ ይሰማል። ልጅቷም ሰምታለች።

ግን ወሬዋ! ገና ሳትቀመጥ ጀመረች። "ያ-ያውቃሉ፣ የኛ ድ-ድመት እኮ…" እናቷ አስጠንቅቃት መሰለኝ አንቱ እያለች ነው። ቃል ላይ ትቆማለች፣ እንደገና ትነሣለች፣ ትቀጥላለች። ከድመቷ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ጎረቤቷ ጫማ። መንተባተቧ ቁብም አይሰጣት። ክፍሉን ሦስቴ ዞራዋለች። ጥድፊያ ብያታለሁ። ወድጃታለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

መስከረም 25

አንድ ድምፅ አልወጣላት ላላት ትንሽ የአንደኛ ክፍል ልጅ "ቀ" ወጣላት! ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላ… ግቢውን "ቀ! ቀ! ቀ!" እያለች ስትዞር ዋለች። የሒሳብ አስተማሪው ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ "እባክሽ መልሰሽ ውሰጂባት" አለኝ።

ጥቅምት 2

የጥድፊያ ምዘና። ከመቶ ቃል ስንቱ ላይ እንደምትቆም ማወቅ አለብኝ። ኮሌጅ ያስተማሩን "ያልተቆጠረ አይታከምም" ይሉ ነበር። ወረቀት ፊቴ ዘርግቼ፣ እሷ ስታወራ እኔ በቆመች ቁጥር አንድ አንድ ጭረት። ሠላሳ ሰባት ሆነ። አምስት አምስት እያደረግኩ አሰርኳቸው፤ ንጹሕ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ ጭረት። ርዕሰ መምህርቷ ወረቀቱን አዩና "እንዲህ ነው ሥራ!" አሉኝ።

እንዲህ ነው! ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ አጠረብኝ።

ጥቅምት 6

ጥድፊያ ዛሬ ዝም። ራሷን ነቅነቅ፣ ትከሻዋን ሰበቅ… ደክሟት ይሆናል።

ጥቅምት 9

አሁንም ዝም። "ድመቷ ደህና ናት?" ትከሻ። ሥዕል አሳየኋት፣ ጨዋታ አወጣሁ። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ጥድፊያ! ተቀመጠች! እኔም ወረቀቴን ዘርግቼ፣ ብዕሬን ይዤ ጠበቅኩ። ምን ልቆጥር?

ጥቅምት 13

እናቷ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። ከሥራዋ እንደተነሣች ነው፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"እህቴ፣ ልጄን ምን አደረግሻት?"

"ምን ሆነች…?"

"ወሬዋ አያስቀምጠንም ነበር እኮ። አሁን ውሃ ሲጠማት እንኳን በጣቷ ነው የምታሳየው። ክፍል ዝም፣ ቤት ዝም። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጨቀጭቃት፣ 'በቆምኩ ቁጥር ትጭርብኛለች' አለችኝ። ይቺንም ለማለት ስንት ሰዓት ፈጀባት መሰለሽ!"

ሠላሳ ሰባት ጊዜ። እየሳቅኩላት፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያልኳት… እጄ ግን ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ለካ ልጅቷ ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው። መንተባተቧ ግድ የማይሰጣት ልጅ፣ ነውር መሆኑን ከኔ ተማረች። ከኔ! ልታከም ብላ መጥታ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኩ።

"ይቅርታውን ለእሷ" አለች። "እኔማ አወራለሁ።"

ለካ የአስተማሪዎች ክፍል ሁሉ ሰምቷል፤ "አዲሷ ልጅቷን ዝም አሰኘቻት" እየተባልኩ ሳምንት አልፎኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ጥቅምት 14

ርዕሰ መምህርቷ ጠሩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ልጅቷን እናሳርፋት። ዓመቱን ሙሉ ከንባብና ከቃል ጥያቄ ነፃ ትሁን፣ በጽሑፍ ብቻ ትመልስ። አንቺም ፈርሚበት። እሷም ታርፋለች፣ አንቺም ታርፊያለሽ።"

ከፈረምኩ ዝምታዋ ሕጋዊ ሆነ ማለት ነው። ማን ከዚያ በኋላ "ተናገሪ" ይላታል? ማን ይጠብቃታል?

"እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ይስጡኝ" አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ጋሼ አገኙኝ። ፊቴን አይተው ሊያጽናኑኝ፦ "አይዞሽ ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።" ለኔ! ለንግግር ባለሙያ! ሳልወድ በግድ ሳቅኩ።

ጥቅምት 16

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከሷ ከፍ ብዬ ላለመቀመጥ ወለሉ ላይ ተቀምጬ። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋት። "ይሄ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው። ወሬሽን ወድጄው ነበር። ግን ሳልነግርሽ ስቆጥር ነበር" አልኳት። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፣ አየችው፣ አራት ቦታ አጠፈችውና ኪሷ ከተተችው። ዝም።

ለእማዬ ስነግራት እየተጨነቅኩ ነው። "እ… ማለቴ፣ ምን መሰለሽ፣ እ… ማለቴ ልጅቷ…" ሽንኩርቷን መክተፍ አቁማ አየችኝ።

"አንቺ ራስሽ 'ማለቴ' ሳትዪ አንድ ነገር ጨርሰሽ አታውቂም። ማን ቆጥሮብሽ ያውቃል?"

ማንም።

ማንም!

ጥቅምት 19

ብዕሩን ለጥድፊያ ሰጠኋት። "ዛሬ እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ቁጠሪ። 'እ…' ስል፣ 'ማለቴ' ስል፣ ስደናቀፍ… ጭረት።" ተጠራጠረችኝ። ብዕሩን አገላብጣ አየችው፣ እኔን አየችኝ። ጀመርኩ። ስለ ሠፈራችን፣ ስለ እማዬ፣ መስታወቱን ሊያወርድ ቃል ገብቶ ስለጠፋው የጥገና ሠራተኛ። ጭረት። ጭረት። ለመጠንቀቅ ስሞክር ጭራሽ ባሰብኝ። በአምስት ደቂቃ አርባ አንድ! ከእሷ በለጥኩ።

ፈገግ አለች። ድምፅ ግን የለም።

ጥቅምት 23

አርባ ስድስት። እየባሰብኝ ነው። ጥድፊያ ጭረቶቹን ስታስር ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነው፤ እንዲህ የተጠነቀቀ ሥራ አይቼ አላውቅም። ግን ዝም። እማዬ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ትለኛለች። እንቁላሉ ይደርሳል እንበል፣ ቀኑ ይጠብቀዋል? ሰባት ቀን ቀረ።

ጥቅምት 26

ከየት ልጀምር?

ስለ አውቶቡስ እያወራሁላት ነበር። አንዲት ጭረት ጨመረች። "እንዴ! አሁንስ ምንም አላልኩም!" አልኩ። የማስመሰል አይደለም፣ የእውነት ያላልኩ መስሎኝ ነው።

ጥድፊያ ከወንበሯ ተነሣች። ፊቷ በንዴት በርበሬ መሰለ። "ብ-ብ-ብ…"

ጠበቅኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ላይ ነው፣ ልሰጣት እችላለሁ… አልሰጠኋትም።

"ብ-ብ-ብለሻል! 'ማ-ማለቴ' ብለሻል! ሰ-ሰምቼሻለሁ!"

አንቱታው ራሱ ቀረ። ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያው ነገር ክስ። ተከስሼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"እሺ፣ ብያለሁ" አልኩ። "ጻፊብኝ።"

ከዚያማ ጎርፍ ነው። ድመቷ ሦስት ወልዳለች። አንዷ ዐይኗ አልተገለጠም። እናቷ ሁለቱን ለሰው እንሰጣለን ብላለች፤ እሷ አልተስማማችም። ይሄን ሁሉ ይዛ ነው ዝም ብላ የከረመችው? እንዴት አልፈነዳችም?

ስትወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ጥቅምት 30

የመጨረሻው ቀን። ስለ ፊርማው ከመወሰኔ በፊት የነገሩን ባለቤት፣ ጥድፊያን ጠየቅኳት። "ንባብ ላይ ተራሽ ይዘለል?"

አሰበችበት። "አ-አይዘለል። ግን ማ-ማንም እንዳይጨርስልኝ።"

ርዕሰ መምህርቷ ያዘጋጁትን ሳልፈርም መለስኩ፤ በሌላ ወረቀት ይሄንኑ የእሷን ቃል ጽፌ ሰጠኋቸው። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "ኃላፊነቱ ያንቺ ነው" አሉ። ነው።

ጋሼ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። "እኔ እኮ አዝኜላት ነው የምዘላት" አሉ ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ ጋሼ። እኔም ልረዳት ብዬ ነው የቆጠርኩባት።"

ኮሪደሩን አብረን ሄድን።

ኅዳር 11

አነበበች። ከኋላ ተቀምጬ አየሁ። አራት መስመር… ጊዜውን አልያዝኩም፣ ረጅም ነበር። መስኮቱ አጠገብ ያለ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ጋሼ አዩት፣ ሳቁ ሞተ። ማንም አልጨረሰላትም። ጋሼ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ጠመኔውን መዳፋቸው ውስጥ አድቅቀው ጠበቁ። ስትጨርስ "አጨብጭቡላት" ይሉ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። "ቀጥሎ" አሉ ብቻ፤ ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሩ። እንደማንኛውም ተማሪ። ጎበዝ ጋሼ!

ታኅሣሥ 6

ከእረፍት በኋላ የክፍሌ በር ተበረገደ። ጋሼ ናቸው፣ ተቆጥተዋል።

"ያቺ ልጅሽ!"

"ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች! ወሬ! ክፍሉን በጠበጠችው። በዚህ ሳምንት ሦስቴ ቦታ ቀየርኳት፤ አጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ ወሬኛ ሆኖ ይነሣል።"

"ትንተባተባለች?"

"ትንተባተባለች እንጂ! ግን ማን ያስቆማታል? እኔ ሰሌዳውን ሞልቼ ስዞር የጀመረችውን ገና አልጨረሰችም። እነሱ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል፣ ትምህርቱን ትተው! በይ ምከሪልኝ።"

ፊቴን ኮስተር አደረግኩ። "እሺ ጋሼ። እመክራታለሁ።"

አልመክራትም።