ናሙና አልሰጥም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ቀርከሃው ከትናንት ጀምሮ ውሃ ውስጥ አደረ። ለስልሷል። እየሰነጠቅሁ ነው። ቢላዋው ግራ አውራ ጣቴን ሁለት ቦታ ቆርጦኛል። አባባ ደጅ ተቀምጦ ያዳምጠኛል። ዓይኑ ማየት ካቆመ ሁለት ዓመቱ፤ ግን የቢላዋውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ስንጥቁ ወፈረ ይለኛል። ልክ ነው። ከጨንቻ ደጋ ወርዶ እዚህ ሲቀላ ሰፈር ከገባ ጀምሮ ለላንቴና ለጫኖ ገበሬ ባርኔጣ የሠራ ሰው ነው። ዛሬ እንደሱ የሚሠራ የለም። እኔ ብቻ ቀረሁ፤ እኔም አናቱን እንጂ ክፈፉን ገና አልቻልኩም።

አጎቴ መጡ። ሴት ልጅ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ የት ታይቷል፣ ሰፈሩ ይስቅብናል አሉ። ይሳቅ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ማስታወሻዬ፣ ተናድጃለሁ። ከማስተምርበት ት/ቤት ስወጣ የኅዳር 29ኙ የብሔረሰቦች በዓል ዝግጅት ኮሚቴ ጠራኝ። አባባን አስታወሱት ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ። ሞኝ ነኝ። ሰብሳቢው ትሁት ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። የሚፈልገው አንድ ባርኔጣ ለናሙና። አንድ ነጋዴ ወስዶ በፕላስቲክ ያባዛዋል፣ እንግዶቹ ያንን ይደፋሉ። አባባስ ይጋበዛል ወይ አልኩት።

«በግርግሩ እንዳይንገላቱ ብለን ነው፣ መምህርት» አለኝ።

ናሙና አልሰጥም አልኩ። ቅርሳችን እንዳይተዋወቅ ማድረግ ነው አለ። ሠሪውን ትቶ የምን ቅርስ ነው ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

አጎቴ ሰምተዋል። ከግድግዳው ላይ አንዱን አሮጌ ባርኔጣ አውርደው ራሳቸው ለኮሚቴው ሊወስዱ ተነሡ። ስማችን ይጠራል፣ ከሰው ጋር ምን ያጣላናል አሉ። አባባ እጁን ዘርግቶ ክፈፉን ያዘ። ሁለት ሽማግሌ አንድ ባርኔጣ ሲጓተቱ። ሳቄም እንባዬም መጣ።

«ውሰደው ወንድሜ» አለ አባባ። «መጀመሪያ ግን እንዴት እንደሚሠራ ንገረኝ።»

አጎቴ ልጅ ሳሉ አያቴ ሊያስተምሯቸው ሲሞክሩ ሥራውን ጠልተው ወደ ንግድ የሄዱ ናቸው። ባርኔጣውን ለቀቁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 29፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

የባርኔጣዬን ክፈፍ ትናንት ጨርሼ ዘጋሁት። አባባ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው። ሁለት ቦታ ተወላግዷል አለ። ከዚያ ደፋው፣ እስካሁን አላወለቀውም።

በዓሉ ዛሬ ነው። ጥሪ አልመጣልንም። እንሄዳለን። ከት/ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። በዓሉ ከሚከበርበት ሜዳ በር ማዶ፣ መንገድ ዳር ሰሌን አንጥፈን እንሠራለን፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጎነጉናለሁ። ተነሡ ካሉን ትንሽ ራቅ ብለን እንቀመጣለን። ከነገ ጀምሮ ደግሞ በየቅዳሜው በግቢያችን አስተምራለሁ፤ ሴትም ወንድም፣ የፈለገ ይምጣ።

አጎቴ ከደጅ እየጠሩ ነው። ሊከለክሉን መሰለኝ። በመስኮት አየኋቸው። የቀርከሃውን እስር ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ረፈደ እኮ፣ ምን ትጽፊያለሽ ይሉኛል። ልሂድ።