ስንኙ ለኔ ነበር

ማሊንዲ፣ ዛንዚባር
ሰኞ ጠዋት፣ በዝናብ

ለጣውንቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? እንቅልፉስ እንዴት ነው? የምትበዪው ነገርስ ይስማማሻል ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ዝናቡ ጉልበቴን ይነዘንዘዋል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለብኝም። ድመትሽም ደህና ናት። እኔ ቤት ትበላለች፣ አንቺ ደጃፍ ሄዳ ትተኛለች፤ በባለቤቷ ወጥታ ነው።

ከኔ ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ጉድ መጣ ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እኔና አንቺ የተነጋገርነው በምንለብሰው ጨርቅ፣ በካንጋችን ላይ በታተመ ምሳሌና በሰው ሠርግ ላይ በሚዘፈን ስንኝ ነው። ማካሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «ሁለት ሚስት ያገባሁ መስሎኝ ሁለት ሬዲዮ ገዛሁ፤ ማጥፊያ የሌላቸው» ይል ነበር። እሱ ከሞተ አራት ዓመቱ፤ ሬዲዮዎቹ ግን እስከ ዛሬ ይጮኻሉ።

ነገሩ የልጅሽ የሚዛ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ናት። ባለፈው ሐሙስ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት «ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትገቢ» ካልሻት ወዲህ ደፉን ተሻግራ አታውቅም። ከዚያ በፊት ስንቴ በቀን ትመላለስ እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ፣ ማሰሮዬም ያውቃል። እዚያው ቆማ፣ እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትዘፍን ነገረችኝ። «እናቴ ለቅርንፉድ ለቀማ ፔምባ ደሴት ስለሄደች አንቺ ነይልኝ» አለችኝ። ቀጥላም «ዘፈኑን የጻፈችው እናቴ ናት» አለችና መሬት መሬት አየች። ለማን እንደጻፈችው አልጠየቅኋትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ብሄድ ማሊንዲ ሁሉ ባለበት ተቀምጬ ስሰደብ ልውል ነው። ብቀር «ፈርታ ቀረች» ሊሉኝ ነው። ይኼን እንኳ እችለው ነበር። የባሰ ያስጨነቀኝ ልጅቷ ናት። አንቺ ከሌለሽ እንደ ወጉ ገንዘብ ይዞ በስንኟ ላይ ማን ሊነሣላት ነው? የጎረቤታችን የኪዛሊያ ልጅ የመጀመሪያ ቀኗ አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ ሳይሸልማት ቀርቶ፣ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ፣ ለብቻዋ ሆና ልብስ ስታጥብ እንኳ አታንጎራጉርም።

ሄድሁ። ያንን ቡናማውን ካንጋዬን ለበስሁ፤ ምንም ያልተጻፈበት የሚመስለውን፣ ጽሑፉ የለቀቀውን። ጠብ ፍለጋ የመጣሁ እንዳይመስል ነው።

መጋዘኑ እንደምታውቂው ነው። ፋኪና ሁለቱ ጓደኞቹ ኮኮናት ይከማችበት የነበረውን ቤት ጠርገው፣ ከአሮጌ ጀልባ ሳንቃ አግዳሚ ወንበር ሠርተው ከከፈቱት ወዲህ የሆቴል ጌታም የመንግሥት ቢሮም አያዝበትም፤ ያሻቸውን ይዘፍኑበታል። ጣሪያውን ግን እስከ ዛሬ አልደፈኑትም። በየወንበሩ መካከል ባልዲ ተደርድሮ ነበር። ከጀርባ ማዕበሉ ግንቡን ሲመታው የተቀመጥሁበት ሳንቃ ይነዝር ነበር፤ ወይም የነዘርሁት እኔ ነኝ።

ፋኪ አኮርዲዮኑን አንግቶ በር ላይ ተቀበለኝና ፊት ለፊት ቦታ ይዤልሻለሁ አለኝ። ኋላ ይሻለኛል ስለው፣ «ኧረ ባክሽ፣ ይህ ሁሉ ሰው ዝናብ ጥሶ የመጣው ማንን ሊያይ መሰለሽ?» አለኝ። አጠገቤ ማን እንደነበረች ገምቺ። ያቺ ወሬኛ ቢ ሙጂቱ! ገና ሳልቀመጥ፣ «መጣሽ እንዴ? እኔ እንኳ ዛሬ ጉልበቷን ያማታል ብዬ ነበር» አለችኝ። ያመመኝ ጉልበቴን እንጂ ጆሮዬን አይደለም አልኋት። ሳቀች። ዓይኗን ግን ከኔ ላይ አላነሣችም፤ የገበያ ዓሣ እንደምታገላብጠው ነው ያየችኝ።

ሚዛ ሦስተኛ ሆና ወጣች። አረንጓዴ ቀሚስሽን ወገቡ ላይ አጥብባ ለብሳዋለች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ሁለት ጊዜ ፀጉሯን ነካች፤ እኔም ባላሰብሁት የራሴን ነካሁ። ባለ ብዙ ክሩ ቃኑን ተጀመረ፣ ቫዮሊኑ ገባ። ድምፅሽን ወርሳለች። ይህን በሕይወቴ እልሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግን ድምፅሽ ነው፣ ያውም ከመጎርነኑ በፊት የነበረው። ስለ ባሕሩና ስለ ነፋሱ ያሉት ስንኞች በደህና አለፉ። እኔም ምናልባት ሳልሰደብ ልወጣ ይሆናል ብዬ ትንፋሼን ልመልስ ስል መጣ፤

በርሽ በነሐስ ጌጥ፣ ከሩቅ የሚያበራ፣
ማን ሊገባበት ነው፣ «እማ» ብሎ ሊጣራ።

በማሊንዲ የነሐስ ምስማር ያለው በር የማን እንደሆነ ድመትሽም ታውቃለች። ያልወለደችው ማን እንደሆነችም እንዲሁ። መቶ አንገት ባንዴ ወደኔ ዞረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ብትኖሪ ባልዲውን አነሣብሽ ነበር።

ግን ማንም አልተነሣም። ሁሉም የሚሸልመውን በእጁ ጨብጧል፣ ማንም ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። በዚያ ስንኝ ላይ የተነሣ ሰው ስድቡን የራሱ ማድረጉ ነው፤ ምላሴን ደግሞ ይፈሩታል። አስፈሪ ሴት ሆኜ መኖሬ የጎዳው ያቺን ልጅ ሆነ። የቃኑኑ መቺ ሰው እንዲነሣ ጊዜ ለመስጠት ዜማውን አንዴ ደገመው፣ እንደገና ደገመው። ሚዛ በሩን አየች። እንደማትመጪ እያወቀች አንቺን ፍለጋ በሩን አየች። ድምፅዋ ቀጠነ።

ተነሣሁ።

ቢ ሙጂቱ ካንጋዬን ይዛ፣ «አንቺ፣ ምን ነካሽ? የተዘፈነው እኮ ላንቺ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ፣ ልቀቂኝ አልኋት። እንደ ወጉ እጄን ከፍ አድርጌ ቀስ ብዬ ሄድሁ። መንገዱ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ለኔ ግን ከዚህ እስከ መካ ነበር። ጉልበቴ በመንገድ እንዳይከዳኝ ዱዓ አደረግሁ። ሽልማቱን እጇ ውስጥ ሳስቀምጥ እጇ በረዶ ነው።

ወጉ ነውና የተሸለመችበትን ስንኝ መድገም ነበረባት። የመጀመሪያውን መስመር ዘፈነችው። ሁለተኛውን ግን አልዘፈነችውም። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እጄንም ሳትለቅ ቆመች፤ ያን መስመር ፋኪ በአኮርዲዮኑ ብቻውን ተጫወተው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። ለመሸለም ሲጋፉ ሁለት ባልዲ ደፉ፤ ቢ ሙጂቱም አንዱ ውስጥ በእግሯ ገብታለች፣ ደስ ይበልሽ። ልጅሽ ከትናንት ጀምሮ ዘፋኝ ናት።

አሁን ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዋጥሁትን ላውጣው። ጠባችን የጀመረበትን ሠርግ ታስታውሻለሽ፤ አንቺ ማካሜን ካገባሽ ገና ሁለት ወር አልሞላሽም። ዘፋኟ ስለ ሌባ ድመት ስትዘፍን ገንዘብ በእጄ ይዤ፣ አንቺን እያየሁ ተነሣሁ። ሠርገኛው አጨበጨበ፣ አንቺ አለቀስሽ። እኔ ግን ስንኙን እንኳ አልሰማሁትም ነበር። እግሬ ደንዝዞ ነው የተነሣሁት። ገንዘቡም ለሎሚ ውኃ ነበር፤ አንቺም የተቀመጥሽው በሎሚ ውኃው በኩል ነው። ሰዉ ሲያጨበጭብ ግን ደስ አለኝ፤ ባል የተቀማች ሴት ያገኘችው የመጀመሪያ ጭብጨባ ስለሆነ፣ አይደለም ማለት አቃተኝ። በሳምንቱ «ጎረቤቴ ሆይ፣ ዓይንሽን ከማሰሮዬ አንሺ» የሚለውን ካንጋ ለብሰሽ በደጄ አለፍሽ። እኔም ደስ ብሎኝ መልስ የሚሆን ካንጋ ገዛሁ። ይቅር በይኝ።

እንግዲህ ስለ ቅርንፉዱ። ማካሜ ቅርንፉድ ነጋዴ ነበር፤ ሁለታችንም ሲለቀም፣ ሲሰጣ፣ ሲሸጥ ኖረናል። በዚህ ዝናብ ቅርንፉድ የሚለቅም ሰው በየትኛው አገር አለ? ከረመዳን ጀምሮ ካንጋሽን በግራ በኩል ደርበሽ ስትለብሺ፣ ውኃ በቀኝ እጅሽ ብቻ ስትቀጂ አይቻለሁ። ጣውንት ከዘመድ ይልቅ ታያለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ አንቺን ማየት ነበር። ለሚዛ ምንም አልነገርኋትም። እሷም አልነገረችኝም። ትናንት ስንመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዛ ሄደች፣ ቤቴም ደርሳ ደፉን ተሻገረች። ሩዝና ዓሣ አቀረብሁላት፤ እንደ ድሮዋ ከድስቱ ቂጥ የተቃጠለውን ፈልፍላ በላች።

ያን ስንኝ ስትጽፊ ምን እንዳሰብሽ አልጠይቅሽም። እንደምነሣ ታውቂ ነበር ወይ ብዬም አልጠይቅሽም። የበሩን ሁለተኛ ቁልፍ ለሚዛ ሰጥቻታለሁ። ግን ተጠንቅቀሽ ስሚኝ፣ ቁልፍ ሰጠሁ ማለት ልጅሽን ተረከብሁ ማለት አይደለም። አንቺ እስክትመለሺ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንጣላለን፤ መልስ የሚሆን ስንኝ ከአሁኑ ጀምሬያለሁ፣ ክፉ ነው፣ ትወጂዋለሽ።

አላህ ካለሽበት በጤና ያንሣሽ፤ የሚነኩሽን እጆች ሁሉ ያለዝብልሽ፤ በባሕሩ ላይ በሰላም ይመልስሽ። አሚን። ሚዛ እጅ ትነሣለች። ድመቲቱም።

ጣውንትሽ

ይህን ደብዳቤ ለፔምባው መርከብ አልሰጠሁትም። ትልቁ ሐኪም ቤት ወዳለበት፣ ለዳሬሰላሙ ሰጥቼዋለሁ።