ናሆምን አትላኪው

ጉደር፣ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእታለም ጋዲሴ
ቤይሩት

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ልጅሽን ናሆምን ስልክ ላይ አየሁት፤ ጥርስ አውጥቷል፣ ሳቁም ያንቺ ነው። ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ ዶርቃስ የጎረቤታችን የሲንቄ ልጅ ናት። አጠገብሽ ሳትቀመጥ እንዳትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ተቀምጣለች? እጇን ያዢ።

ትንሹ ወንድማችን ፊራኦል የለም። በጥምቀት ማግሥት አረፈ።

በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ እማዬ አጠገቤ ትቆማለች። ስትደውዪ ጥቁሩን ሻሽ አውልቃ ነጩን ታስራለች። ፊራኦልን አገናኙኝ ስትዪ «ትምህርት ቤት ነው» ትልሻለች፣ እሁድም ጭምር። እንዳንነግርሽ የከለከሉን የዕድራችን ዳኛ ኦቦ ገለታ ናቸው። «መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው አገር ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ስትመጣ ደጇ ላይ ተሰብስበን እናረዳታለን» አሉ። ሁሉም እሺ አለ። እኔም አብሬ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከቤታችን ጀርባ አንድ ፋብሪካ ተከፍቷል፤ አሮጌ ጎማና ፕላስቲክ በትልቅ ምድጃ አብስሎ ዘይት ያወጣል። ጭሱ በውሃ ታጥቦ ነው የሚወጣው ብለውን ነበር። የውሃው ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ የነገረኝ አባዬ ነው፣ እዚያ ጎማ ይጭናልና። ለዚህም ነው ሰፈሩ አቤት ሊል ሲሄድ እሱ ቤት የቀረው። ምድጃው ሲከፈት መስኮት እንዘጋለን፣ እንታፈናለን፤ ስንከፍት ጥቀርሻው ይገባል። ፊራኦል አፍንጫውን ይዞ «ደሞ ፈሳ» ይል ነበር። እየሳቀ ይጀምርና እያሳለ ይጨርሳል። የላክሽለት የአስም ፓፍ ባዶ ሆኖም ከአፉ አላወጣውም። ወደ አምቦ ሆስፒታል ስንወስደው ባጃጅ ውስጥ እኔ ነኝ ያቀፍኩት።

ባለፈው እሁድ «ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር ናሆምን ልላከው፣ አሳድጉልኝ» ስትዪ እማዬ እልል አለች። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ወዲያው የፊራኦልን ፍራሽ ለናሆም ብላ ፀሐይ ላይ አወጣችው። ስታስገባው ጥቁር ብናኝ ለብሶ ነበር፤ በእጇ አራግፋ አነጠፈችው።

አባዬን «ጭሱስ?» አልኩት። ጫማውን ማውለቅ ትቶ አየኝ።

«የት እንሂድ ታዲያ፣ ልጄ? ይህን ቤት እዚህ ሽታ ውስጥ ማን ይገዛናል?»

እታለም፣ ናሆምን አትላኪው። የጉዞ ወረቀቱ አላለቀም በይ፣ የሚያመጣው ሰው ቀረ በይ። እማዬ ትቀየምሻለች፤ ቻይው። እኔ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ እነሱን ትቼ የትም አልሄድም። ስልክ ላይ የሰማሽው ሳሌ የብርድ ነው፣ አታስቢ።

አንድ ቀን ስትመጪ ኦቦ ገለታ ሽማግሌ ይዘው ያረዱሻል። ያኔ እንዳልሰማ ሰው ሁኚላቸው፤ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ። የዛሬውን ግን ከዶርቃስ ጋር አልቅሺው።

እግዚአብሔር ያንቺንና የናሆምን ትንፋሽ ይጠብቅ።

አንድ የቀረሽ ወንድምሽ
ሌታ