አበባ ጨርቅ የለበሰው መጽሐፍ

እሁድ፣ የካቲት 4 ቀን 1971

ዛሬ ከቤት ስወጣ ምነው እግሬን በሰበረው።

የእረፍት ቀኔ ነው፣ ብቻዬን ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ። ከዋርካው ሥር ሐጂ ኑሩ አሮጌ መጻሕፍትና ልብስ ማዳበሪያ ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ። አንዱን እየገለጥሁ፣ ሌላውን እየመለስሁ ብዙ ቆየሁ። ደስ ብሎኝም ነበር።

ከዚያ አበባ ጨርቅ የለበሰ መጽሐፍ እጄ ገባ። ጨርቁ ከምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ቁርጥራጭ ነው። ስፌቱ በቀይ ክር ጀምሮ በአረንጓዴ ያልቃል። ቀዩ ሲያልቅብኝ በአረንጓዴ የጨረስሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ታምራት ከእስር ቤት የሚነበብ ነገር ላኩልኝ ቢል፣ ከስንቁ ጋር የላክሁለት መጽሐፍ ነው።

«ሐጂ፣ ይህን ማን አመጣልዎ?»

ፊቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ የእስር ቤት ዘበኛ ነው ልጄ። ከልብስ ጋር ነው ያመጣው።»

ልብሶቹ እዚያው አጠገቤ ተከምረዋል። ዞሬ ማየት አቃተኝ።

«ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ።

ባለፈው ሰኞ እኮ ስንቁን ተቀብለውናል! ሳህኑም ባዶውን ተመልሷል። ታዲያ ማን በላው?

መጽሐፉን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ቤት ገባሁ። እናቴ ለነገው ስንቅ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀና ሳትል፣ «ያንን መጽሐፍ እስካሁን ጨርሶታል፤ ነገ ሌላ ጨምሪለት» አለችኝ።

«እሺ» አልኋት።