ጉዳዩ፦ የቀጨኔ ድልድይ ገንዘብ

ኅዳር 15 ቀን 1977 ዓ.ም.
ቀጨኔ

ውድ ሀብተ ጊዮርጊስ፣

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት ልማድ ሆኖብኝ እንዳይመስልህ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደ ወንድሜ እወድህ ነበር፤ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

እኔ የቀበሌው ጸሐፊ፣ አንተ የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆነን የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍን ቀን ትዝ ይልሃል? በ1973 ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ሸክላ ሠሪዎቹ ወዲያ ማዶ፣ ክሊኒኩና ገበያው ወዲህ ማዶ ይቀሩ ነበር። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ በታይፕ እመታለሁ።

«‹ሕዝቡ ተቸግሯል› አትበይ፤ እሱን ሁሉም ይላል» አልከኝ። «‹ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትሻገር ውኃው መሃል ወለደች› ብለሽ ጻፊ። እውነት ነው። ማንበብ ከሰለቻቸውም እዚያ ከደረሱ በኋላ ይሰልቻቸው።»

ያን ቀን ኮራሁብህ።

ሁለት ዓመት ደጅ ጠናን። አንዱ ቢሮ ፕላን አምጡ ይለናል፤ ሌላው የሕዝቡ ተሳትፎ ይረጋገጥ ይላል። ሰዉም እሑድ እሑድ ድንጋይ ተሸክሞ ወንዙ ዳር ከመረ። አንድ የበጀት ሹም «እስካሁን ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ጠየቀን። «የሞተ የለም» አልነው። «እንግዲያው አስቸኳይ አይደለም» ብሎ ፋይሉን አጠፈው። ስንወጣ «እኔ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም» አልከኝ።

ተቀመጥክ። በ1975 እዚያው መሥሪያ ቤት ስትሾም ከሁሉ በላይ የተደሰቱት ሸክላ ሠሪዋ እማማ ጌጤ ነበሩ። እናትህ እንጨት ለቅመው ለመሸጥ እንጦጦ ሲወጡ አንተን ከልጃቸው ከአፀደና ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ ያበሉህ እሳቸው አይደሉ? «ከእንግዲህ ደጅ አንጠናም፤ ልጃችን ደርሶልናል» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት። እውነትም በግንቦት 1976 ገንዘቡ ተፈቀደ። ደብዳቤውን ለስብሰባው ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከደስታ ብዛት ሁለት ጊዜ ጀመርኩት።

በሰኔ አስጠራኸኝ። ግማሽ ቀን በር ላይ ቆሜ ስገባ «ጓድ የዓለምወርቅ፣ ተቀመጪ» አልከኝ። ዕድሜ ልክህን የዓለሜ ስትለኝ የኖርክ ሰው! ከዚያ ተነሥተህ በሩን ዘጋህ።

«የዓለሜ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ደርሷል። ወደ ዊንጌት በሚወስደው አስፋልት ዳር አጥር እንዲቆም ታዟል። በጀት ግን የለም።»

«እና?»

«የድልድዩ ገንዘብ ለጊዜው ወደዚያ ይዛወራል። ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ተስማምቷል የሚል ቃለ ጉባኤ ያስፈልገኛል።»

«ሕዝቡ መቼ ተጠየቀና?»

«የቀበሌው ሊቀመንበር ፈርሟል፤ የቀረው ያንቺ ነው። እምቢ ካልሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው በጀት እመልሰዋለሁ፣ አባቴ ይሙት!»

አባትህ ከሞቱ ስንት ዓመታቸው። እኔ ግን አመንኩህ፤ ፈረምኩም። ማንም አልዛተብኝም፣ ማንም አልገፋኝም። እንዳትጎዳብኝ ብዬ ፈረምኩ። ይህን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለሰው ተንፍሼው አላውቅም።

በሐምሌ አጥሩ ቆመ፤ አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ። በመኪና የሚያልፍ ሰው የእኛን ቤት እንዳያይ። በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ እማማ ጌጤ ድስቶቻቸውን አዝለው ለገበያ ሲሻገሩ ጎርፍ ወሰዳቸው። አስከሬናቸው የተገኘው በማግስቱ ነው። ሸክማቸውን ያሰሩበት ገመድ ከትከሻቸው አልወረደም ነበር።

በመሥሪያ ቤት መኪና ለቀብራቸው መጣህ። መድኃኔ ዓለም ግቢ ውስጥ ስቅስቅ ብለህ አለቀስክ። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ ለቅሶ አውቃለሁ። ሰዉ ሲበተን ክንዴን ይዘህ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰድከኝ። አሁን ይቅርታ ሊለኝ ነው፣ አብረን እንናዘዛለን ብዬ ጠበቅሁ።

«የዓለሜ» አልከኝ ዕንባህን እየጠረግህ፣ «የሞታቸውን ማስረጃ አውጪና ከአዲሱ ማመልከቻ ጋር አያይዢው። አሁን አስቸኳይ ይባላል። ማንም አይጥለውም።»

ክፋት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አንተ ግን መርዳትህ ነበር። ያ ሹም ለጠየቀን ጥያቄ፣ ማንም ሳይጠይቅህ መልስ ይዘህለት መጣህ።

አዲሱ ማመልከቻ ትናንት አለቀ። ማስረጃውን አያይዤዋለሁ፤ ድልድዩ የግድ ያስፈልጋልና። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ገንዘቡ ዐምና ተፈቅዶ እንደነበር፣ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ተስማማ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ያስፈረምከው አንተ፣ የፈረምኩትም እኔ መሆኔን ጽፌያለሁ። ሊቀመንበሩ አንብቦ «አብደሻል እንዴ? ልታስበዪን ነው?» አለና ማኅተሙን ቆለፈብኝ።

ያለ ማኅተም ይዤው ቤት ለቤት ዞርኩ። በመጀመሪያ የሄድኩት አፀደ ዘንድ ነው። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

«አንቺም?» አለችኝ።

«እኔም» አልኳት።

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነችና ፈረመች። ከዚያ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ብላት አለፈችኝ።

ሰኞ አቀርበዋለሁ፤ ዞሮ ዞሮ አንተ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ልትቀድደው ትችላለህ፤ ልትፈርምበትም ትችላለህ። እስር ቤት ልታስገባኝ ካሰብክ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ብታሰር ስንቅ የምታመላልስልኝ አፀደ ብቻ ነበረች። እሷን አጥቻለሁ። እንግዲህ በምን ታስፈራራኛለህ?

ደኅና ሁን ለማለት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ክፉ እንዳልመኝልህ ደግሞ ከአንድ ገበታ በልተናል።

እህትህ የነበረችው፣
የዓለምወርቅ መሸሻ