የማዳም መኪና ቀጭን ቱቦ

ሰኞ፣ ሐምሌ 6፣ ጠዋት
ሁለቱንም መኪና አጥበን ጨረስን። የባባን ናፍጣ ፒካፕ፣ የማዳምን ቤንዚን። ሾፌሩ ለዕረፍት ህንድ ሄዶ በኮሮና እዚያው ቀርቷል። ማዳም ከሁለታችን ሠራተኞች አንዷ መንዳት ትማራለች አለች። መራጩ ባሏ፣ ባባ። ይኸውልህ ደብተሬ፣ መንጃ ፈቃድ ያገኘች ከዚህ ግቢ ትወጣለች። ከመጋቢት ወዲህ የዚህን የዓረብ አገር ሰፈር፣ የቦሻርን መንገድ ያየሁት በበሩ ቀዳዳ ነው። ወደዚህ ቤት ቀድሜ የመጣሁት እኔ። ግን አብራኝ የምትሠራው ዘሃራ አረብኛዋ እንደ ውሃ ነው፤ ከባባ ጋር ጭንቅላቷን ኮፈን ስር ከታለች። እኔ ጨርቅ እጨምቃለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 8
ኩሽና። ሽንኩርት እከትፋለሁ። ዘሃራ ባባ ያሳያትን ቱርቦ ታስረዳኛለች፣ ሳልጠይቃት። ከሞተር የሚወጣው ጭስ አንዷን መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ያለችው ሌላዋ አየር ጨምቃ ወደ ሞተር ትገፋለች፤ ጉልበት ይጨምራል። ናፍጣው ብዙ አየር ይችላል። ቤንዚኑ ግን ከልክ ካለፈ ሞተሩ ይጎዳል። ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ትንሽ በር ያስከፍታል፤ ትርፉ ጭስ መዘውሯን ሳይነካ ያልፋል።
«ገባሽ እትዬ?»
«ኻላስ፣ በቃ፣ ሽንኩርቱ አረረብኝ።»
ገና አልጣድኩትም ነበር።

ዓርብ፣ ሐምሌ 10፣ ከቀትር በኋላ
ቤቱ ተኝቷል። የማዳምን መኪና ኮፈን ብቻዬን ከፈትኩ። የሚያብረቀርቅ ሞተር አሳየዋለሁ፣ ባባን። የውሃ ጎማውን ለቀቅኩበት፣ በብሩሽ ፈተግኩ። አንድ ቀጭን ቱቦ በእጄ ወጣ። ከየት እንደሆነ አላውቅም። ዘሃራ ታውቃለች። አልጠራኋትም። ጥግ ወሸቅኩት፣ ኮፈኑን ዘጋሁት። ለማንም አላሳየሁም።

እሑድ፣ ሐምሌ 12
ማዳምና ባባ በማዳም መኪና አል አመራት፣ እናቷ ጋ ሲሄዱ ዳገቱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ፣ መኪናዋ ጉልበት አጣች። እየተንፏቀቁ ተመለሱ። ባባ ወዲያው አገኘው። ቱቦዋ ስለወለቀች በሯ አልተከፈተችም፣ ግፊቱ ከልክ አለፈ፣ መኪናዋ ራሷን ለማዳን ጉልበቷን ቀነሰች። ማን ነካው? ዘሃራን አየ። ሌላ ኮፈን የሚከፍት ማፊ፣ የለም አለ። ወላሂ አልነካሁም አለች። አላመናትም። እኔ ሩዝ እለቅማለሁ።

አመሻሽ
ማዳም ኩሽና መጣች። ነገ ባባ መሪ ያስይዝሻል አለችኝ። አንቺ የማይመለከትሽን አትነኪም አለችኝ።
ዘሃራ ሳህን ታጥባለች። ዓይኗ አብጧል። «እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ» አለች። ከልቧ። በዚህም ቀናሁባት። እኔ ብሆን አልላትም።
ቆርጫለሁ፣ ደብተሬ። ለባባ እነግረዋለሁ። መንጃ ፈቃዱን እንደያዝኩ። አንድ ጊዜ ብቻ በበሩ ወጥቼ፣ እስከ ዳገቱ ነድቼ ስመለስ።